ስለ ውኃ ገንዳ መሙላትና መጕደል

ውኃ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ በሚጠራቀምበት ስፍራ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው፣ ይህ ገንዳ እስኪሞላ ድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ ከሞላ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ስንት ቀን ያቈያል የሚል ነው። ብዙ ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች በግምት ይመልሳል፤ «እስከ ማታ ሳይሞላ አይቀርም» ወይም «እስከ ቅዳሜ ያደርሳል» ይላል። ግምት አንዳንድ ጊዜ ይሰምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያሳፍራል። ውኃው ሳይታሰብ ባለቀ ጊዜም የሚጠማው የገመተው ሰው ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ቃል ታምነው የተቀመጡት ሁሉ ናቸው። ስለዚህ ይህን ነገር በልክና በቍጥር ማወቅ ይገባል። ሒሳቡም የሚያስፈራ አይደለም፤ መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትንና ማካፈልን የተማረ ልጅ ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ውኃን ገድቦ በቀኑ ማድረስ በኢትዮጵያ የቈየ ሥራ ነው። ጥር 10 ቀን የሚውለው የጥምቀት ዋዜማ ከተራ ይባላል፤ ቃሉም ከተረ፣ ማለት ውኃን ገድቦ አጠራቀመ፣ ከሚለው የወጣ ነው። በጐንደር በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ታላቅ መዋኛ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይቈያል፤ በዓሉ ሲቀርብ ግን ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። በዓሉ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል እንጂ ውኃው ሞላ አልሞላ ብሎ አይዘገይም። እንግዲህ ቦዩን የሚከፍተው ሰው መሙላቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ካወቀ፣ ከጥር 10 ወደ ኋላ ቈጥሮ የሚጀምርበትን ቀን ያገኛል። የመሙያውን ጊዜ ማወቅ ማለት፣ መቼ መጀመር እንደሚገባ ማወቅ ማለት ነው።

ለዚህ ሒሳብ አስቀድሞ ሁለት ነገር መለካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የገንዳው ይዘት ነው። ለምሳሌ በውስጥ በኩል ሲለካ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ የግንብ ገንዳ ቢኖር፣ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ሲባዙ 9 ሜትር ኵብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኵብ 1,000 ሊትር ስለሚይዝ፣ ገንዳው 9,000 ሊትር ይይዛል ማለት ነው። በውስጥ በኩል መለካቱ መዘንጋት የለበትም፤ በውጭ የሚለካ ሰው የግንቡን ውፍረት ከውኃ ጋራ ይቈጥራልና። ገንዳው እንደ በርሜል ክብ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የወርዱ ግማሽ በራሱ ተባዝቶ፣ በ3.14 ተባዝቶ፣ እንደ ገና በጥልቀቱ ይባዛል።

ሁለተኛው የሚለካው የቧንቧው ፍሰት ነው። ለዚህ አንድ ባልዲና አንድ ሰዓት ይበቃል። 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከቧንቧው ሥር ተደርጎ በ20 ሰከንድ ቢሞላ፣ በአንድ ደቂቃ ሦስት ባልዲ፣ ማለት 30 ሊትር፣ ይወርዳል። በአንድ ሰዓትም 1,800 ሊትር ይሆናል። የቧንቧ ውኃ ጧትና ማታ አንድ ዓይነት ኀይል ስለሌለው፣ ብልህ ሰው በልዩ ልዩ ሰዓት ሦስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን ይወስዳል እንጂ በአንድ ልኬት አይታመንም።

ሁለቱ ልኮች ከታወቁ በኋላ ይዘቱ በፍሰቱ ይካፈላል። 9,000 ለ1,800 ሲካፈል 5 ይሆናል፤ ገንዳው በ5 ሰዓት ይሞላል። ከጧቱ 1 ሰዓት የተከፈተ ቧንቧ በ6 ሰዓት፣ ማለት በቀትር፣ ሥራውን ይጨርሳል። ይህን ያወቀ ሰው በቀትር መጥቶ ይዘጋዋል፤ ያላወቀ ግን ወይ ሳይሞላ ይዘጋዋል፣ ወይ ሞልቶ ሲፈስ ያገኘዋል። የፈሰሰ ውኃ ደግሞ አይታፈስም።

አሁን በዚያው ገንዳ ላይ ሌላ ቀጭን ቧንቧ ቢጨመርና ይህ ቀጭኑ ብቻውን ገንዳውን በ10 ሰዓት የሚሞላው ቢሆን፣ ሁለቱ አንድ ላይ ተከፍተው በስንት ሰዓት ይሞሉታል? በዚህ ጥያቄ ብዙ ተማሪ ይሰናከላል። አንዱ 5ንና 10ን ደምሮ «በ15 ሰዓት» ይላል። ሌላው ደምሮ በሁለት አካፍሎ «በ7 ሰዓት ተኩል» ይላል። ነገር ግን ወፍራሙ ቧንቧ ብቻውን በ5 ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ፣ ረዳት ከመጣለት በኋላ እንዴት ይዘገያል? መልሱን ከመጻፍ በፊት እንዲህ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ልጅ ከብዙ ስሕተት ይድናል።

ስሕተቱ የመጣው ሰዓቶቹ ስለ ተደመሩ ነው። የሚደመረው ሰዓት አይደለም፤ በአንድ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ነው እንጂ። ወፍራሙ በአንድ ሰዓት የገንዳውን አምስተኛ እጅ ይሞላል። ቀጭኑ በአንድ ሰዓት ዐሥረኛውን እጅ ይሞላል። አምስተኛ እጅ ማለት ከዐሥር ሁለት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ተባብረው በአንድ ሰዓት ከዐሥር ሦስቱን እጅ ይሞላሉ። እንግዲህ ሙሉው ዐሥር እጅ ለሦስት ሲካፈል 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። በሊትርም ቢቈጠር ያው ነው፤ 1,800ና 900 ተደምረው 2,700 ይሆናሉ፤ 9,000 ለ2,700 ሲካፈል 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሰጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ቀጭኑ ቧንቧ ራሱ ከሥራው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አሳጠረ።

ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ እጅግ ያረጀ ነው። «ዘጠኙ ምዕራፎች» በሚባለውና በ263 ዓ. ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሊዩ ሁይ የሚባል ሊቅ ማብራሪያ በጻፈበት የቻይና የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ፣ በአምስት ቦይ ስለሚሞላ አንድ ኵሬ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ቦይ ብቻውን በቀን ሢሶ፣ ሁለተኛው በ1 ቀን፣ ሦስተኛው በ2 ቀን ተኩል፣ አራተኛው በ3 ቀን፣ አምስተኛው በ5 ቀን ይሞሉታል። አምስቱ አንድ ላይ ቢከፈቱ በአንድ ቀን 4 ኵሬና ከአንድ ኵሬ 15 እጅ 14ቱን የሚሞሉ ስለ ሆኑ፣ መልሱ የአንድ ቀን 74 እጅ ተከፍሎ 15ቱ ነው፤ ይህም 5 ሰዓት አይሞላም። በሩቅ አገር የነበሩት ሰዎችም ሰዓቱን ሳይሆን ሥራውን መደመር እንደሚገባ ዐውቀው ነበር ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለሚገባው ውኃ ብቻ ነው። በእውነተኛ ኑሮ ግን አንዱ ሲቀዳ ሌላው ይጠጣል፤ ውኃ በአንድ በኩል ሲገባ በሌላ በኩል ይወጣል። የሚገባው በሰዓት 1,800 ሊትር ሆኖ የሚወጣው 1,200 ሊትር ቢሆን፣ በገንዳው የሚቀረው 600 ሊትር ብቻ ነው። 9,000 ለ600 ሲካፈል 15 ሰዓት ይሆናል። ቧንቧው አልቀጠነም፤ ገንዳውም አልሰፋም፤ ነገር ግን 5 ሰዓት የነበረው ሥራ 15 ሰዓት ሆነ። የሚወጣው 1,800 ሊትር የደረሰ እንደ ሆነ ደግሞ ቧንቧው ዓመት ሙሉ ቢፈስ ገንዳው አይሞላም። ገንዳን የሚሞላው የሚገባው ውኃ አይደለም፤ የሚቀረው ነው እንጂ። የዚህ ሒሳብ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው።

የሚወጣውም ውኃ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ለምሳሌ ይህ ገንዳ 60 አዳሪ ተማሪዎች ያሉበት ትምህርት ቤት ገንዳ ነው ይባል። በበጋ ምንጩ በደረቀ ጊዜ ውኃ በየ10 ቀኑ በቦቴ ይመጣል። ለመጠጥ፣ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ለአንድ ልጅ በቀን 15 ሊትር ቢመደብ፣ ለ60 ልጅ 900 ሊትር ይሆናል። 9,000 ለ900 ሲካፈል 10 ቀን ስለ ሆነ፣ ውኃው ቦቴው እስኪመለስ ድረስ በልክ ይበቃል። ኀላፊው ይህን ቈጥሮ ይተኛል።

ነገር ግን በገንዳው ግርጌ፣ ሣር በሸፈነው በኩል፣ አንዲት ቀዳዳ ብትኖርና እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ብታወጣስ? በደቂቃ ሩብ ሊትር፣ ማለት አንድ ብርጭቆ ያህል፣ ብቻ የምታፈስ ትሁን። ማንም አይደነግጥባትም። ነገር ግን በሰዓት 15 ሊትር፣ በቀንና በሌሊት 360 ሊትር ይሆናል። ይህ የ24 ልጆች የቀን ድርሻ ነው። ቀዳዳዪቱ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስማቸው በመዝገብ ያልተጻፈ 24 ተማሪዎች እንደ ጨመረች ይቈጠራል። በቀን የሚወጣው 1,260 ሊትር ሆነ፤ 9,000 ለ1,260 ሲካፈል 7 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይሰጣል።

ይህ የመጨረሻው ቍጥር ግን ጥቂት መታረም አለበት፤ ምክንያቱም ቀዳዳ እንደ ሰው ሁልጊዜ እኩል አይቀዳም። ገንዳ ሙሉ በሆነ ጊዜ በላይ ያለው ውኃ ታችኛውን ስለሚጫነው ከግርጌ የሚወጣው ውኃ ይፈጥናል። ውኃው እየጐደለ ሲሄድ ግን ጫናው ይቀንሳል፤ ፍጥነቱም ይደክማል። ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ የሚባል የኢጣሊያ ሊቅ ይህን መርምሮ በ1644 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ሕጉን ገለጠ። በሕጉ መሠረት፣ የውኃው ከፍታ ወደ ሩብ ሲወርድ የሚወጣበት ፍጥነት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከፍታው ወደ ዘጠነኛ እጅ ሲወርድ ፍጥነቱ ወደ ሢሶ ይወርዳል።

ከዚህ ሕግ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይወጣል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ገንዳ ከግርጌው ተከፍቶ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ የታየው ፍሰት እንዳለ ቢቀጥል በ1 ሰዓት ያልቅ ነበር የሚባል ከሆነ፣ በእውነቱ የሚያልቀው በ2 ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ከአራቱ እጅ ሦስቱ ይወጣል፤ የቀረው አንድ እጅ ደግሞ ሌላ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል። ገንዳ አስፈስሶ የሚያጥብ ሠራተኛ ውኃው መጀመሪያ ሲሮጥ አይቶ «አሁን ያልቃል» ቢል፣ ኋላ የሚዘገይበት ምክንያት ይህ ነው።

የጥንት ግብፃውያን ሕጉን በቍጥር ባይጽፉትም ነገሩን አስተውለውት ነበር። በካርናክ በ1904 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተገኘ፣ ከሦስተኛው አሜንሆቴፕ ዘመን የነበረ የድንጋይ የውኃ ሰዓት አለ። ውኃው ከግርጌው በቀዳዳ እየወረደ የሌሊቱን ሰዓት ይቈጥር ነበር። ዕቃው ግን አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ሆኖ ተሠርቷል። ውኃው በላይ ሳለ ፈጥኖ ቢወጣም ስፋቱ ብዙ ስለ ሆነ ከፍታው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በታች ሳለ ቀስ ብሎ ቢወጣም ስፋቱ ጥቂት ስለ ሆነ ከፍታው ያንኑ ያህል ይወርዳል። በዚህ ብልሃት ሰዓቶቹን እኩል ለማድረግ ሞከሩ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ገንዳ ስንመለስ፣ የቀዳዳዪቱ ፍሰት ከውኃው ጋራ እየቀነሰ መሄዱ ቢታሰብ ውኃው ወደ 8 ቀን ያህል ይቈያል። እንግዲህ ሒሳቡ ቢታረምም ቀዳዳዪቱ 2 ቀን ሰርቃለች። ቦቴው በ10ኛው ቀን ሲመጣ 60 ልጆች በበጋ ፀሐይ ሁለት ቀን ያለ ውኃ ሰንብተው ያገኛቸዋል። ኀላፊው ልጆቹን «ውኃ ታባክናላችሁ» ብሎ ይቈጣ ይሆናል፤ እነርሱ ግን ከድርሻቸው አንዲት ጣሳ አላሳለፉም። ሳይለኩ መፍረድ ንጹሕን ሰው በደለኛ ያደርጋል።

እንዲህ ያለውን ስውር ቀዳዳ ለማግኘት ቀላል መንገድ አለ። ማታ በ12 ሰዓት ሁሉ ከቀዳ በኋላ መግቢያውና መውጫው ይዘጋል፤ የውኃው ጠርዝ በደረሰበት ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት ይደረጋል። ጧት በ12 ሰዓት ማንም ሳይቀዳ ይታያል። የዚህ ገንዳ ወለል 6 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ፣ ውኃው 1 ሴንቲ ሜትር በወረደ ቍጥር 60 ሊትር ጠፍቷል። ውኃው 3 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ቢገኝ፣ በሌሊቱ 180 ሊትር፣ በሰዓትም 15 ሊትር ወጥቷል ማለት ነው። የከሰሉ ምልክት ማንንም ሳይጠረጥር እውነቱን ይናገራል።

ይኸው ሕግ በትንሹ ገንዳ ብቻ ሳይሆን በታላቁም ይሠራል። በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኵብ ውኃ ይይዛል። ወንዙ በዚያ ስፍራ በዓመት በአማካይ 49 ቢሊዮን ሜትር ኵብ ያህል ያወርዳል። 74 ለ49 ቢካፈል 1 ዓመት ተኩል ያህል ይሆናል፤ የሚገባውን ብቻ የሚቈጥር ሰው «በዓመት ተኩል ይሞላል» ይል ነበር። ነገር ግን ሙሌቱ በ2012 ዓ. ም. ክረምት ተጀምሮ ብዙ ክረምት ወሰደ፤ ግድቡም ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመረቀ።

ምክንያቱም በግልጥ የሚታወቅ ነው። ወንዙ ተገድቦ ሳለም ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ መፍሰሱን አላቋረጠም። በመጀመሪያው ክረምት የተያዘው 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኵብ ነው፤ ይህም ከአማካዩ የዓመት ፍሰት ዐሥረኛው እጅ መሆኑ ነው። ደግሞም ግንቡ በየዓመቱ ከፍ እየተደረገ ይሠራ ስለ ነበረ፣ ውኃው ከግንቡ ከፍታ አልፎ ሊያዝ አይችልም ነበር። የዓባይ ውኃ አብዛኛው የሚወርደው በክረምትና በክረምት መውጫ ስለ ሆነ፣ የበጋው ወራት ለሙሌት ብዙ አይረዳም። ፀሐይም ከተጠራቀመው ላይ ድርሻዋን ታተናለች። ሸለቆም ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በታች ከፍታውን ብዙ ሜትር ያነሣ የነበረው ውኃ በላይ ሲደርስ ጥቂት ሜትር ብቻ ያነሣል። ስለዚህ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ የሚተነው፣ የዕቃውም ቅርጽ ሁሉ አንድ ላይ መቈጠር አለባቸው።

ይህን ሒሳብ በገንዳ የተማረ ልጅ በኑሮውም ያገኘዋል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው 5,800 ብር ቢያወጣ፣ በየወሩ የሚቀረው 200 ብር ነው፤ 2,400 ብር ለማጠራቀም 12 ወር ይፈጅበታል። ይህ ሰው ምን ያህል እንደሚያገኝ ሲጠየቅ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ምን ያህል እንደሚቀረው ሲጠየቅ ግን ያስባል። ከሚያወጣው ውስጥ ለከንቱ ነገር የሚሄደውን 200 ብር ብቻ ቢያስቀር፣ የሚቀረው 400 ይሆናል፤ ያው 2,400 ብር በ6 ወር ይሞላለታል። ገቢው በአንድ ብር አልጨመረም፤ ጊዜው ግን በግማሽ አጠረ። የሚቀረው ጥቂት በሆነ ጊዜ ትንሽ ቀዳዳ መድፈን ትልቅ ቧንቧ ከመጨመር ይበልጣል።

ትምህርትም እንዲሁ ነው። በቀን ብዙ ሰምቶ ማታ የማይከልስ ተማሪ፣ ቧንቧው ወፍራም ሆኖ ግርጌው የተቀደደ ገንዳን ይመስላል። ጥቂት ሰምቶ የሰማውን የሚይዝ ግን ቀስ በቀስ ይሞላል። ሰው የሌላውን ቧንቧ ውፍረት አይቶ ከመቅናቱ በፊት በራሱ ግድግዳ ላይ የከሰሉን ምልክት ያድርግ፤ ጧትም ተነሥቶ ምን ያህል እንደ ወረደ ይመልከት። ቀዳዳው የት እንዳለ ካወቀ በኋላ ጭቃውን ይዞ መድፈን የእርሱ ፈንታ ነው።